ለቡና መጋዘን የሠራሁት ቴብል (የዳታቤዝ ሠንጠረዥ) ስሙን ሁሉ ጥያቄ ምልክት አደረገብኝ፤ ድሮፕ ሳላደርግ፣ ማለትም ሳላጠፋው፣ ማስተካከል ይቻላል?

ሂርማታ 21፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነኝ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አጎቴ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ቡና የሚረከብበት መጋዘን አለው። ከማና እና ከጎማ ገበሬዎች እሸትም ጀንፈልም (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ያመጡለታል። እስካሁን ሁሉም ነገር በመዝገብ ነበር የሚጻፈው። ዘንድሮ «ዳታቤዝ ተምረሽ የለ፣ በኮምፒውተር አድርጊልኝ» አለኝ። ላፕቶፔ ላይ ኤግዛምፕ የሚባለውን ዳታቤዝ ያለበት ጥቅል ጫንኩ፣ ዳታቤዙን በብራውዘር የሚያሠራውን ፒኤችፒማይአድሚን ከፈትኩ፣ አንድ ቴብል ሠራሁ። ኮለሞቹ የገበሬው ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ የቡናው ዓይነት፣ ኪሎ፣ ዋጋ እና ቀን ናቸው። ከዚያ በኤክሴል የነበረኝን 400 ገደማ ረድፍ በአንድ ጊዜ አስገባሁት።

ስከፍተው ደነገጥኩ። ስሞቹ በሙሉ ???? ሆነዋል። ጥቅምት 30 የገባው ቡና ሁሉ ቀኑ 0000-00-00 ይላል። በ+251 የጻፍኳቸው ስልኮች ደግሞ በሙሉ አንድ ቁጥር ሆነዋል፣ 2147483647። በ09 የጻፍኳቸው ዜሯቸው የለም።

ስሙን በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ በላቲን ፊደል እየጻፍኩ የ2 ሳምንት ርክክብ ጨመርኩበት። አሁን ገበሬዎቹን ለብቻ፣ ርክክቡን ለብቻ አድርጌ በፎሪን ኪ (የአንዱ ቴብል ረድፍ የሌላውን ረድፍ በሚጠቅስበት ማያያዣ) ላገናኛቸው ብል ስህተት 150 እያለ አላሠራ አለኝ። ጓደኛዬ «ድሮፕ አድርጊውና እንደ አዲስ ጀምሪ» አለችኝ። እጄ እምቢ አለኝ፣ የሰው ገንዘብ ነው። ምን ላድርግ?

የኮቺው፦

እጅሽ እምቢ ማለቱ ልክ ነው። ድሮፕ ቴብል ቴብሉን ከነረድፎቹ ነው የሚያጠፋው። እንደ ዊንዶውስ ቆሻሻ ቅርጫት ሄደሽ የምታነሺበት ቦታ የለም። መጀመሪያ ኤክስፖርት የሚለውን ተጫኚ፣ የሚወጣውን ፋይል ፍላሽ ላይ አድርጊ፣ ፍላሹን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አትያዢ። ይህን ሳታደርጊ ከዚህ በታች ያለውን እንዳትሞክሪ።

አሁን ወደ ጥያቄ ምልክቶቹ። የቴብሉን ስትራክቸር ክፈቺና ኮሌሽን የሚለውን (የፊደሉን ዓይነትና አደራደር የሚነግርሽን) እዪ። «ላቲን 1 ስዊድሽ» ይል ይሆናል። ማይኤስኪውኤል የሚባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ያወጣው ኩባንያ የስዊድን ነበር፣ ለብዙ ዓመታት ሌላ ካልመረጥሽ በስተቀር የሚሰጥሽ የፊደል ዓይነት እሱ ነበር። ላቲን 1 ለአንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ነው የሚመድበው። ከ256 ቦታ አያልፍም፣ «ሀ»ም «ቡ»ም እዚያ ውስጥ የሉም። ስለዚህ የማያውቀውን ፊደል በ? ይተካዋል። የእኛ ፊደል የዓለምን ፊደላት በሚይዘው በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይፈልጋል። ከማይኤስኪውኤል 8.0 ጀምሮ ይህ ተስተካክሏል። ኤግዛምፕ ውስጥ ያለው ግን ከማይኤስኪውኤል የወጣው ማሪያዲቢ ነው፣ ቆየት ያለ ከሆነ ላቲን 1 ይዞ ሊመጣ ይችላል። ትእዛዞቹ ለአንቺ ጉዳይ አንድ ዓይነት ናቸው።

መጥፎውን ዜና ልንገርሽ። ? ሆኖ የተቀመጠ ስም አይመለስም። ስክሪኑ አሳስቶ ሳይሆን ዲስኩ ላይ የተጻፈው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው። ፊደሉን ብትቀይሪ ስሙ ተመልሶ አይመጣም፣ ከኤክሴሉ እና ከመዝገቡ እንደገና ማስገባት አለብሽ። ስለዚህ መዝገቡን ማንም እንዳይጥለው።

ፊደሉን ለመቀየር ሦስት የሚመሳሰሉ ትእዛዞች አሉ፣ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። አልተር ዳታቤዝ ብለሽ ብትቀይሪ ለወደፊት የሚፈጠሩ ቴብሎችን ብቻ ነው የሚነካው። አልተር ቴብል ብለሽ ዲፎልቱን ብትቀይሪ ወደፊት የሚጨመሩ ኮለሞችን ብቻ ነው የሚነካው፣ ያለው የስም ኮለም እዚያው ላቲን 1 ላይ ይቀራል። አንቺ የምትፈልጊው አልተር ቴብል ብለሽ ኮንቨርት ቱ ካራክተር ሴት የሚለውን ነው፣ መጨረሻው ላይ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4። ያሉትን ኮለሞች የሚቀይረው እሱ ነው።

ኤምቢ 4 የሚለውን እንዳትተዪው። አሮጌው ዩቲኤፍ 8 ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም። ለአማርኛ ይበቃል። በፈረንጁ 2021 ለጉራጊኛ ወደ ዩኒኮድ የተጨመሩት ፊደሎች ግን አራት ባይት ናቸው፣ አንድ ቀን አንድ የጉራጌ ነጋዴ ስሙን በትክክል ጻፊልኝ ቢልሽ መጻፍ መቻል አለብሽ።

ስልኩ ቀላል ነው። ኢንት የሚባለው የሙሉ ቁጥር ዓይነት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2147483647 ነው። 251 ብሎ የሚጀምር ስልክ ከዚያ ስለሚበልጥ ጣሪያው ላይ ተቆረጠ። ዜሮውም የጠፋው ለቁጥር ከፊት ያለ ዜሮ ትርጉም ስለሌለው ነው። ስልክ አይደመርም፣ አይባዛም። ቫርቻር 15 (እስከ 15 ፊደል የሚይዝ ጽሑፍ) አድርጊው።

ሰኞ ገበያ፦

ቀኑንም እንደዚያው ቫርቻር አድርጊው በቃ። «2018-02-30» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ማንም አይከለክልሽም። እኔ ለእድር መዝገብ እንደዚያ ነው ያደረግኩት፣ ዓመቱን ከፊት ካስቀደምሽ በቅደም ተከተል ይደረደርልሻል።

ቀይ እርሳስ፦

በዚህ አልስማማም፣ ምክንያቴን ልንገራችሁ። ዳታቤዝ ለረጅም ዓመት አስተምሬያለሁና ይህ ስህተት በየዓመቱ ነው የሚመጣው።

ዴት የሚባለው ዓይነት የፈረንጁን ካላንደር ብቻ ነው የሚያውቀው። ልጄ፣ አንቺ ጥቅምት 30ን 02-30 ብለሽ ስትሰጪው እሱ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ነው ያነበበው፣ በፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለም። ስለዚህ ዜሮ አደረገው። ጳጉሜም ሲመጣ 13ኛ ወር ስለማያውቅ እንደዚያው ያደርጋል። ግን እኔን የሚያሳስበኝ ዜሮ የሆኑት አይደሉም፣ እነሱ ራሳቸውን አጋልጠዋል። የሚያሳስቡኝ ጸጥ ብለው የገቡት ናቸው። ጥቅምት 28 ገብቶ ኅዳር 1 የተከፈለ ቡና ስንት ቀን ቆየ? ሦስት። ዳታቤዙን ብትጠይቂው ከፌብሩዋሪ 28 እስከ ማርች 1 ቆጥሮ አንድ ቀን ይልሻል። ስህተት አያሳይም፣ ማስጠንቀቂያ የለውም፣ ብቻ የተሳሳተ ቁጥር ነው።

ቫርቻር ቢደረግስ? ለአንድ ጸሐፊ ይሠራል። ሁለተኛ ሰው ሲመጣ አንዱ 2018/2/30፣ ሌላው «ጥቅ 30» ብሎ ይጽፋል፣ ቴብሉም ሁሉንም ይቀበላል። ሁሉን የሚቀበል ኮለም መዝገብ አይጠብቅም። ስለዚህ ዴቱ ዴት ይሁን፣ ውስጡ የፈረንጁ ቀን ይቀመጥ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2018 ማለት 2025-11-09 ነው፣ ለአጎትሽ ሲታይ ብቻ ፕሮግራሙ ወደ እኛ ካላንደር ይመልሰው። የግድ በእኛው ይቀመጥ ካልሽ ዓመት፣ ወር እና ቀን ብለሽ ሦስት የቁጥር ኮለም አድርጊ፣ ወሩ ከ1 እስከ 13፣ ቀኑ ከ1 እስከ 30 እንዳያልፍ ቼክ በሚባለው ገደብ እሰሪው። ያም ቢሆን ጳጉሜ 20ን ያሳልፋል፣ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ የችግርሽ ሁሉ እናት እሱ ነው። ዳታቤዙ ለምን ዝም ብሎ ተቀበለሽ? ስትሪክት ሞድ ስላልተከፈተ ነው። ኤግዛምፕ ሲጫን ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ቢከፈት ኖሮ ስሙንም፣ ስልኩንም፣ ቀኑንም ገና በመጀመሪያው ረድፍ «አልቀበልም» ብሎ ይመልስልሽ ነበር። የሰርቨሩ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ኤስኪውኤል ሞድ በሚለው ቦታ ስትሪክት ትራንስ ቴብልስ የሚለውን ዛሬ ጨምሪ፣ ከዚያ ሰርቨሩን አጥፍተሽ አስነሺ።

አሁን ኮምፒውተሩን ዝጊና ወረቀት አውጪ። ከእርሳስ ጋር። አንድ ጥያቄ ብቻ መልሺ፦ አንድ ረድፍ ማለት ምን ማለት ነው? አሁን ያለው ቴብልሽ ውስጥ አንድ ረድፍ ገበሬም ነው፣ ርክክብም ነው። አንድ ሰው 12 ጊዜ ቡና ቢያመጣ ስሙ 12 ጊዜ ተጽፏል፣ አንዴ ሐሰን፣ አንዴ ሀሰን፣ አንዴም ኀሰን። ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ዩኒክ (አይደገም) ብትይውም አይከለክላቸውም። የኮምፒውተር ሊቁ ኤድጋር ኮድ በፈረንጁ 1970 የግንኙነት ሞዴሉን (ዳታን በተያያዙ ቴብሎች የማስቀመጥን ሐሳብ) ሲጽፍ ስለ መደጋገምም አንስቷል። ሰውየውን በስሙ አትለዪው፣ ቁጥር ስጪው። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም በሦስት ኮለም አድርጊ፣ በፈረንጅ መጻሕፍት «የቤተሰብ ስም» የሚሉት ለእኛ አይሠራም።

ዋጋ የት ይቀመጥ ብለሽ እንዳትጨነቂ። ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ከርክክቡ ጋር ነው ቦታው። ኪሎም ዋጋም ዴሲማል (ነጥብ ያለውን ቁጥር በትክክል የሚይዝ) ይሁኑ እንጂ ፍሎት (በግምት የሚይዝ) አይሁኑ፣ ፍሎት ሳንቲም ያንሸዋርራል። ድምሩን ደግሞ አታስቀምጪ፣ ኪሎ በዋጋ ሲባዛ የሚገኝ ነገር ነው። ፈረሱላ የሚባለውም እንዲሁ፣ ኪሎውን አስቀምጪ፣ ለ17 ማካፈል የማሳያ ሥራ ነው።

ሂርማታ 21፦

ጋሼ ከልብ አመሰግናለሁ፣ ገለቶማ። ወረቀቱን ሠራሁት። ለካ ሁለት ሳይሆን ሦስት ቴብል ነው የሚያስፈልገኝ፣ ገበሬ፣ ርክክብ እና ክፍያ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ግማሽ ተቀብሎ ይሄድና በሳምንቱ ይመለሳል። ስትሪክት ሞዱንም ከፈትኩ። ፎሪን ኪው ግን አሁንም 150 ነው።

የኮቺው፦

ሾው ክሪኤት ቴብል ብለሽ የሁለቱን ቴብል ትእዛዝ አውጪና ጎን ለጎን አስቀምጫቸው። ፒኤችፒማይአድሚን ላይ በመጫን ስትሠሪ የማታዪው ነገር እዚያ ላይ ፊት ለፊት ተጽፎ ታገኚዋለሽ። የገበሬው መለያ ኢንት አንሳይንድ (ከዜሮ በታች የማይቀበል)፣ ርክክቡ ውስጥ ያለው የገበሬ ቁጥር ደግሞ ዝም ብሎ ኢንት ከሆነ ችግሩ እሱ ነው። ሁለቱ በዓይነት አንድ ካልሆኑ አይገናኙም። ሌላው፣ የሁለቱም መጨረሻ ላይ ኢንጂን ኢኖዲቢ (ፎሪን ኪ የሚሠራበት የማከማቻ ዓይነት) ማለት አለበት።

ቅደም ተከተሉንም ጠብቂ። ክሪኤት ስታደርጊ መጀመሪያ ገበሬ፣ ከዚያ ርክክብ፣ ከዚያ ክፍያ። ድሮፕ ማድረግ ግድ ከሆነ ከኋላ ወደ ፊት።

ኦን ዲሊት የሚለው ላይ ካስኬድ እንዳትመርጪ። ካስኬድ ማለት አንድ ገበሬ ስትሰርዢ ያመጣው ቡና መዝገብ አብሮት ይሰረዛል ማለት ነው። ለብሎግ አስተያየት ጥሩ ነው፣ ለሰው ሂሳብ ግን አይሆንም። ሪስትሪክት አድርጊው፣ ቡና ያስረከበ ሰው ከመዝገብ እንዳይወጣ ቴብሉ ራሱ ይከልክል።

ሂርማታ 21፦

አንሳይንዱ ነው! አልተር ቴብል ሞዲፋይ ብዬ አስተካከልኩት። አሁን ደግሞ 1452 የሚል ሌላ ስህተት ነው፣ ርክክቡ ውስጥ ያለ የገበሬ ቁጥር ገበሬው ቴብል ላይ የለም ይላል።

የኮቺው፦

እሱ እድገት ነው። ትእዛዝሽ ልክ ሆኗል፣ አሁን ቅሬታው ከረድፎቹ ጋር ነው። ሌፍት ጆይን በሚባለው ርክክቡን ከገበሬው ቴብል ጋር አዛምጂና ገበሬ የሌላቸውን ርክክቦች አውጪ፣ አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሪ። ለማለፍ ብለሽ ፎሪን ኪ ቼኩን እንዳታጠፊው።

አዌቱ ዳር፦

ሁሉም ጥሩ ብሏል፣ እኔ የደረሰብኝን ብቻ ልጨምር፣ ምክንያቱም አልተር እና ሞዲፋይ እያልሽ ስትሄጂ የሚመጣ ነገር ስለሆነ።

በፊት እሠራበት በነበረ ቦታ አንድ የሙከራ ቴብል ባዶ ማድረግ ነበረብኝ። ለጥንቃቄ ብዬ ስታርት ትራንዛክሽን ጻፍኩ (እስኪጸድቅ ድረስ ለውጡን መመለስ እንድችል)፣ ከዚያ ቴብሉን ባዶ የሚያደርገውን ትራንኬት ቴብል አልኩ፣ የጻፍኩት ስም ግን የእውነተኛው ደረሰኝ ቴብል ነበር። አልደነገጥኩም። ትራንዛክሽን ውስጥ ነኝ ብዬ ሮልባክ (መልሰው) አልኩት፣ እሱም «እሺ» አለኝ፣ ምንም ስህተት አላሳየም፣ ቴብሉን ስከፍት ግን ባዶ ነው። ማይኤስኪውኤል እና ማሪያዲቢ ላይ ክሪኤትም፣ አልተርም፣ ድሮፕም፣ ትራንኬትም ሲጻፉ የተከፈተውን ትራንዛክሽን ወዲያው ይዘጉታል፣ ከዚያ በኋላ ሮልባክ የሚመልሰው ነገር የለም። ዲሊት ብዬ ቢሆን ይመለስ ነበር። ፖስትግሬስ በሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ቢሆንም ይመለስ ነበር፣ እዚያ ድሮፕ ቴብል እንኳ ኮሚት (ይጽደቅ) እስኪባል ድረስ ይጠበቃል። ባክአፑ የ4 ቀን ነበር። የ4 ቀን ደረሰኝ ከወረቀት ላይ ሦስት ሆነን ስናስገባ አመሸን። ከዚያ ቀን ወዲህ ባክአፕ ሳልይዝ አልተር ጽፌ አላውቅም።

ለአንቺ የምመክርሽ፣ አሮጌውን ቴብል አትንኪው። አዲሶቹን ሦስት ቴብሎች በንጹህ ክሪኤት ሥሪያቸው፣ ከአሮጌው ኢንሰርት ሴሌክት እያልሽ ውሰጂ፣ ሁሉም መድረሱን ስታረጋግጪ ሪኔም ቴብል ብለሽ አሮጌውን «የድሮ» ብለሽ ስም ስጪው። ለአንድ የቡና ወቅት ብዙ ቦታ አይፈጅብሽም፣ ይቀመጥ። ትእዛዞቹንም በመጫን ሳይሆን በአንድ የጽሑፍ ፋይል ጻፊያቸው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀን እየጻፍሽበት። ላፕቶፑ ቢበላሽ ያንን ፋይል አስሮጠሽ ባዶውን ዳታቤዝ በደቂቃ ታቆሚዋለሽ።

እና መጋዘኑ ላይ ሌላ ልጅ የሚጽፍ ከሆነ ሁሉን ማድረግ በሚችለው «ሩት» በሚባለው ዩዘር እንዳይገባ። የራሱን ዩዘር ፍጠሪለት፣ ሴሌክት፣ ኢንሰርት እና አፕዴት (ማየት፣ ማስገባት እና ማስተካከል) ብቻ ስጪው። ድሮፕ የማድረግ ሥልጣን የሌለው ሰው በስህተትም ድሮፕ አያደርግም።

ሰኞ ገበያ፦

ቀይ እርሳስ፣ የእድሩን መዝገብ ከፍቼ አየሁት። «2018-2-9» እና «2018-02-10» ተቀላቅለው ገብተዋል፣ 10ኛው ቀን ከ9ኛው በፊት ነው የሚደረደረው። ልክ ነህ። ዴት ላደርገው ነው።

ሂርማታ 21፦

ይኸው ከ9 ቀን በኋላ መጣሁ፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ሦስቱም ቴብል ቆመዋል። ስሞቹን ከኤክሴሉ እንደገና አስገባሁ፣ ስልኩን ከመዝገቡ፣ ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ ቀይሬ። እንደገና ሳስገባ 131 የተለያየ ስም ነበር፣ ከአጎቴ ጋር ቁጭ ብለን በአባትና በአያት ስም ስንለያቸው 96 ሰው ሆኑ። አጎቴ እያንዳንዱን ሰው ያውቀዋል፣ «ይሄኛው የበሽሩ ወንድም ነው፣ ያኛው ሌላ ነው» እያለ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጠን፣ ቁጥሩን በትንሽ ካርድ ጽፈን ለገበሬዎቹ እየሰጠን ነው። ትእዛዞቹ ሁሉ በአንድ ፋይል ናቸው፣ አንዱ ኮፒ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ኢሜይሌ ውስጥ።

መጨረሻ ላይ ኪሎ ከዜሮ መብለጥ አለበት የሚል ቼክ በአልተር ቴብል ልጨምር ብል አልቀበልም አለኝ። ቴብሉ ውስጥ የሚጥሱት ረድፎች ነበሩ። ፈልጌ አወጣኋቸው፣ ሁለት ናቸው፣ የሁለቱም ኪሎ 0 ነው። አንዱ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ነው፣ ሰረዝኩት። ሌላውን መዝገቡ ላይ ሳገላብጥ 34 ኪሎ እሸት ነው፣ ኮምፒውተር ላይ ሳስገባ እኔ ነኝ ኪሎውን ባዶ ያለፍኩት። የዚያን ሳምንት ሂሳብ የዘጋነው ከኮምፒውተሩ ስለነበር ሰውየው አልተከፈሉም፣ እሳቸውም መጥተው አልጠየቁም። አጎቴ ዛሬ ጠዋት ደውሎላቸዋል፣ ሐሙስ ለገበያ ሲወርዱ ይወስዳሉ።